ትርፍህ የት አደረ?

«ዘንድሮ ሽያጬ የአምናውን እጥፍ ሆኗል!» አለኝ የቀለም ነጋዴው። እሰየው! ታዲያ የሠራተኛ ደመወዝ በደረሰ ቁጥር ብድር ፍለጋ የምትሮጠው ለምንድን ነው?

«ገንዘቡ ደንበኛ እጅ ነው። የታመኑ ሰዎች ናቸው፤ አይክዱኝም።» ይክዱሃል ወይ ብዬ መች ጠየቅሁህ? መቼ ይከፍሉሃል ነው ያልኩት። የዱቤ ደብተሩን ገለጥነው። መስከረም ላይ የወሰደ ኮንትራክተር ታኅሣሥ ላይ ግማሹን ከፍሎ፣ በዚያው ቀን ከቀሪ ዕዳው የሚበልጥ ዕቃ ጭኖ ሄዷል። ይህ ደንበኛ ነው? ወለድ የማይከፍል ተበዳሪህ ነው እንጂ!

«መጋዘኔ እኮ ጢም ብሏል።» በምን? ክዳኑ ላይ አቧራ በጠጣ፣ ጠያቂ ባጣ ቀለም! ሰው ሁሉ የሚፈልገው ነጩ አልቆብሃል።

«እሺ፣ በምን ልለካው?» በዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ ከሚለወጠው ሀብትህ፣ ማለትም ከጥሬ ገንዘቡ፣ ከዕቃውና ከተሰብሳቢው ላይ፣ በዓመት ውስጥ የምትከፍለውን ዕዳ ቀንስ። የሚተርፈው የሥራ ማስኬጃ ካፒታልህ ነው። የዓመት ሽያጭህን ለእሱ አካፍል። 36.5 ሚሊዮን ብር ሸጠህ 10 ሚሊዮን ካሰርክ፣ አንዷ ብር የ3.65 ብር ሽያጭ አመጣች ማለት ነው። አሁን ዱቤህን ከ75 ቀን ወደ 45 ቀን አውርደው። በቀን 100 ሺህ ብር ትሸጣለህ፤ ሁሉም በዱቤ ከሆነ 3 ሚሊዮን ብር ይፈታልሃል። እሱን ከዚህ ሥራ አውጥተህ ለሌላ ብታውለው፣ ያው ሽያጭ በ7 ሚሊዮን ይሠራል፤ ምጣኔው 5.2 ይሆናል። አንድ ባልዲ ሳትጨምር፣ አንድ ብር ሳትበደር!

«የሰኔ 30 ሂሳቤ ግን ያማረ ነው።» ያምራላ! በመጨረሻው ሳምንት ዕቃ ማስገባት አቁመህ፣ ባለዕዳ ሁሉ ቤት ደጅ ጠንተህ፣ ለምን አያምርም? የ12ቱን ወር አማካይ አምጣና እንነጋገር።

«በቀን ብለካውስ?» ይሻላል እንጂ! ዕቃው መጋዘን የተኛበት 60 ቀን፣ ዱቤው ደንበኛ እጅ የከረመበት 75 ቀን፤ አቅራቢህ የታገሰህን 30 ቀን ቀንስ። ገንዘብህ ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ 105 ቀን።

«እንግዲያው አቅራቢዬን ላስጠብቀው!» ቁጥሩ ያምርልሃል፤ ቀጣዩ ጭነት ግን ቶሎ ለሚከፍለው ይሄዳል። «የኮምፒውተር ኩባንያው ዴል እንዲያ አድርጎ የለም?» ዴል እኮ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የቀኑን ስሌት ከዜሮ በታች ያወረደው ከገዥ ትእዛዝ እየተቀበለ ኮምፒውተሩን ስለሚገጣጥም፣ ክምችቱም በጥቂት ቀናት የሚቆጠር ስለነበር ነው። አንተ የወሰድከው ክፍያ ማዘግየቱን ብቻ ነው።

«የጎደለኝን ባንክ ይሞላልኛል።» ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ የገደበ ጊዜ፣ ባንክህ ምንም ቢወድህ ጣሪያውን ከነካ ከምን ይሞላልህ ነበር? የራስህ 3 ሚሊዮን ደብተርህ ውስጥ ተኝቷል።

«ምጣኔውን 20 ባደርሰውስ?» መደርደሪያው ባዶ፣ ካዝናው ባዶ ሆኖ ከሆነ አትፎክርበት። እሱ የቅልጥፍና ሳይሆን የእጥረት ምልክት ነው።

ነገ ጠዋት ሱቁን ሳትከፍት የዱቤ ደብተሩን ከላይ እስከ ታች ውረደው። 60 ቀን ያለፈውን ስም ሁሉ አስምርበት። ቀሪውን ሳይከፍል አንዲት ጣሳ እንዳትጭንለት!