አካፋህን ይዘህ ና

የአክስቴ ልጅ ከሚኒሶታ ለገና መጥቶ ላሊበላ ሰንብቷል። ትናንት ማታ ምድጃ ዳር ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጀበናው ገና ሳይወርድ ነገር ጀመረኝ።

«እናንተ ደግሞ ክረምት የት ታውቃላችሁ!»

ክረምትማ የኛ ነው! ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ተቀዶ ሲወርድ፣ ያ ነው ክረምት። የአንተ ነጩ ነገር የሚወርደው እኛ በጋ ብለን ገብስ በምንወቃበት ወር ነው። ስሙን ከዚህ ይዘህ ሄደህ እዚያ ለሌላ ሰጠኸው።

«እሺ፣ በረዶስ? ጠጠሩን እንጂ እውነተኛውን አገሩም አያውቀውም።»

ያውቀዋል እንጂ! አዱሊስ በድንጋይ ተቀርጾ የነበረውን የንጉሥ ጽሑፍ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን ገልብጦታል፤ የስሜን ተራራ በረዶ ሰውን እስከ ጉልበቱ ይውጣል ይላል። ተጓዡ ጀምስ ብሩስም እንዳንተ «እዚህ አገር በረዶ የለም» ብሎ ጽፎ ነበር። ሌላው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ግን እ.ኤ.አ. በ1810 መጥቶ የስሜን ተራራ ነጭ ለብሶ አየው። ብሩስስ ባዕድ ነው፣ አንተ ምን ሆንክ?

«ስም እንኳ የላችሁም። ከሰማይ የሚወርደውም በረዶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም በረዶ!»

በረዶስ እውነትህን ነው፣ ብዙ ተሸክሟል። አመዳይንና ውርጭን ግን የት ጣልካቸው? ባቄላ በአበባው አድሮ ውርጭ ሲመታው፣ ጠዋት ቅጠሉ የፈላ ውኃ እንደነካው ጠቁሮ ተኮማትሮ ታገኘዋለህ። የዓመት ቀለብ በአንድ ሌሊት! ለዝናቡማ ካፊያ አለን፣ ዶፍ አለን፣ ወጨፎ አለን። ሰው ስም የሚያወጣው ለሚጠብቀው ልጅ ነው።

«ዝናብ ምን ያደርጋል? ይዘንባል፣ ይደርቃል። የኛ በረዶ መኪና ይቀብራል! በር ለመክፈት በአካፋ ትዝቃለህ። ከተማው የበረዶ አዋጅ ሲያወጣ መኪናህን ከመንገድ ካላነሳህ ተጎትታ ትሄዳለች።»

ሌሊት ከሥራ ወጥቶ በዚያ ብርድ ደጁን ሲዝቅ ታየኝና አንጀቴ ተላወሰ። ግን ዝናብ ምን ያደርጋል ላለው ዝም አልልም። ቤተ መድኃኔ ዓለምን ሂድና እይ። ጠራቢዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የውኃውን መውረጃ ከዚያው አለት ፈልፍለዋል፤ ዝናብ የሚያደርገውን ያውቁ ነበርና። ዛሬም ከላዩ መጠለያ የተዘረጋው ዝናብ እንዳይበላው ነው።

በረዶህ ቢከብድም ታጋሽ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር በረዶ ቢቀልጥ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውኃ ይወጣዋል፤ እሱንም ወራት ሙሉ አስተኝቶ ያቆይና ሙቀት ሲመጣ ቀስ አድርጎ ለመሬቱ ያጠጣዋል። የላስታ ዝናብ ግን ችኩል ነው። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ገደል ለገደል ይንደረደራል፣ አፈራችንን አዝሎ ተከዜ ይገባል። ምንጩ እዚሁ ላስታ የሆነ ወንዝ የላስታን አፈር ይዞ ይሄዳል! እናንተ የምትጨነቁት በረዶው ሲመጣ ነው፣ እኛ ዝናቡ ሲቀር። የ1977ን ድርቅ እናትህን ጠይቃት፤ እሷ ትነግርሃለች።

ይህን ስለው ዝም አለ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም።

አቡነ ዮሴፍ ተራራን ውጣ፤ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ማታ ጅብራው ቅጠሉን ሰብስቦ እምቡጡን ከብርዱ ሲያቅፍ ታያለህ። ጓሳውና አስታው ዝናቡንና ጉሙን ይዞ ጠብ ጠብ እያደረገ ለምንጩ ያወርደዋል። የኛ የበረዶ ክምር እሱ ነው። ጓሳው ከታጨደ፣ አስታው ለማገዶ ካለቀ፣ ውኃውን ማን ያቆይልናል?

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አካፋ ታውቃለህ አይደል? እዚያ የምታነሳው ውኃውን ከደጅህ ለማራቅ ነው፤ እዚህ የምናነሳው እንዳያመልጠን ለመያዝ። ጥር ሲገባ እርከን ይሠራል፣ ቦረቦሩ ይከተራል።

«ትኬቴ ለጥምቀት ማግስት ነው።»

እስከዚያ አሥር ቀን አለን። የኛ እርከን ከቤቱ ጀርባ፣ ከጥዱ በታች ያለው ነው፤ አምና ዝናቡ ሁለት ቦታ ንዶታል። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ እንወጣለን። ጓንትህን ያዝ፣ ያንን የበረዶውን።