ስለ አምፕሊፋየር፣ ስለ ስፒከርና ስለ ደጋ ቤት

በደባርቅም ሆነ በዳባት ሙዚቃ ወዳድ ሰው ቤቱን ሲያደራጅ፣ ከስልክ ወይም ከቴፕ የሚመጣውን ደካማ ምልክት የሚያጎላውን አምፕሊፋየር፣ የጎላውን ኮረንቲ ወደ አየር ንዝረት የሚለውጠውን ስፒከርና ሁለቱን የሚያገናኘውን ገመድ ለየብቻ ይገዛል፤ ሦስቱ በየራሳቸው ጨዋ ሆነው ሳለ አንድ ላይ ሲታሰሩ ለምን እንደሚጣሉ ግን ሻጩ አይናገርም፣ ገዢውም ከዋጋው በቀር የሚጠይቀው የለም።

የጠቡ የመጀመሪያ መነሻ ኦም ነው፤ ኦም ስፒከሩ በውስጡ ለሚያልፈው ኮረንቲ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ሲሆን፣ የቤት ስፒከሮች ብዙውን ጊዜ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን ሲታሰሩ፣ ሁለቱ ተቃውሞውን ወደ 4፣ አራቱ ደግሞ ወደ 2 ያወርዱታል፤ ስለዚህ ለሠርግ ሞንታርቦ ለመከራየት ሳስቶ ከየጎረቤቱ ስፒከር እየተዋሰ የሚደረድር አባወራ፣ አምፕሊፋየሩን ከአቅሙ በላይ ኮረንቲ እያስገበረ መሆኑን የሚረዳው ማሽኑ ከሙሽራው ቀድሞ ሲያልበው ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙም ያንሳል፤ የስሜን ብርድ ይህን ጉድለት ሊክስ ቢሞክርም፣ የቤቱ እመቤት የማሽኑን መተንፈሻ በዳንቴል ከሸፈነችው ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዋት ማለትም የኃይል መጠን ነው፤ በዚህ ረገድ አንዳንድ ካርቶን ከፎካሪ አይተናነስም፣ 1,000 ዋት ብሎ እየደነፋ አስማሚው የሚሰጠው 12 ቮልት በ2 አምፔር፣ በድምሩ 24 ዋት ብቻ ይሆናልና። ዋቱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው የድምጽ ከፍታ መለኪያ በሆነው ዴሲቤል 3 ብቻ ሲሆን፣ ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» እንዲል 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል፤ በመሆኑም በአንድ ዋት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር መምረጥ፣ 87 የሚሰጠውን ይዞ አምፕሊፋየሩን በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው።

ገመድን በሚመለከት፣ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ተራ የመዳብ ሽቦ ዐሥር ሜትር ሲዘረጋ በደርሶ መልስ ተቃውሞው 0.23 ኦም ገደማ፣ ከ8 ኦም አንጻር 3 በመቶ እንኳ የማይሞላ ስለሆነ፣ በውድ ገመድ የሚመካ ሰው የሚያሰማው ከሙዚቃው ይልቅ ዋጋውን ነው። ይልቅስ ቀዩና ጥቁሩ ጫፍ በአንደኛው ስፒከር ላይ ከተቀያየረ፣ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ የቤዙ ድምጽ ይሳሳል፤ ይህን ማስተካከል ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ፣ ዋትም ገመድም ሳይፈልግ፣ በቆርቆሮ ጣሪያው ላይ የራሱን ዝግጅት ያቀርባል። ስለዚህ ለገመድ የታሰበው ገንዘብ ለኮርኒስ ቢወጣ የዝናቡ ጩኸት ይቀንሳል፣ ወደ ጎረቤት የሚሾልከውም ሙዚቃ ጥቂት ይለዝባል፤ ጎረቤቱ በዚህ ይደሰት ወይም ይከፋ ግን የሚወሰነው በዘፈኑ ምርጫ ስለሆነ፣ ለዚህ ኦምም ዋትም መለኪያ አይሆኑም።