ሴትዮዋ ምን ትላለች?

የሚስቴ ታናሽ ወንድም ከሚኒሶታ በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከልኝ። የሁለት ጂፒኤስ ፎቶ፤ አንዱ ጋርሚን፣ አንዱ ቶምቶም፤ አንዱ ባለ አምስት ኢንች፣ አንዱ ባለ ሰባት። ከሥሩ «ጋሼ፣ ለጋምቤላ መንገድ የትኛው ይሻላል? አንዱን ምረጥልኝ» ይላል። ይኸው ሳምንት ሆነው፤ አልመረጥኩለትም። ሚስቴ «ልጁ እየጠበቀህ እኮ ነው፤ አንዱን ብትለው ምን አለበት?» ትለኛለች። ምን እንዳለበት ለእሷ መናገር አልችልም፤ ወንድሟ ነው። ለእናንተ ልንገራችሁ።

የዛሬ ዓመት በመጋቢት ልጁ ከብዙ ዘመን በኋላ አገሩን ሊያይ መጣ። መኪና ተከራየ። እኔም አዲስ አበባ ጉዳይ ነበረኝና አብረን ወደ ጋምቤላ ልንወርድ ተስማማን። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አልቆጠርኩም። አሥራ አራት ዓመት ስምሪት ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የትኛው ኩርባ ላይ ከብት እንደሚተኛ፣ የትኛው ጎሚስታ ከጎማው ይልቅ ኪስ እንደሚያስተነፍስ አውቃለሁ። ጋቢና ገብቼ ቀበቶዬን ሳላስር ልጁ ከቦርሳው አንድ ጥቁር ሳጥን አወጣ፤ መለጠፊያ ጎማውን በምራቁ አረጠበና መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ሳጥኑ ውስጥ ሴትዮ አለች። እንግሊዝኛ ትናገራለች።

«በጅማ በኩል እንውጣ» አልኩት። «ከዚያ በደሌ፣ መቱ፣ ጎሬ፣ ቡሬ፣ ከዚያ ቁልቁል ነው።»

«ቆይ ጋሼ፣ ሴትዮዋ ምን ትላለች?»

ይቺ ናት። ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠችው ይቺ ናት። ሴትዮዋ በጅማ አለች፤ በጅማ ሄድን። እኔ ያልኩትን እሷ ስትደግመው እውነት ሆነ። ወሊሶ ስንቃረብ «ቁርስ እዚህ እንቅመስ» ስለው እጁ ወደ ሳጥኑ ሄደ። ሴትዮዋ ቁርስ አትበላም እኮ!

በደሌ አድረን ጠዋት ስንነሳ፣ «ከጎሬ ቀጥሎ ማን ነበር?» አለኝ። «ቡሬ» አልኩ። ልጁ «ቡሬ» ብሎ ጻፈ። ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና ወደ ነቀምት ታጠፉ አለች። ልጁ ፍሬቻ አበራ። እኔ ግን ሴትዮዋ ምን እንዳሰበች ወዲያው ገባኝ፤ በነቀምት አቋርጣ፣ አባይን አሻግራ፣ ጎጃም ቡሬ ልታስገባን ነው! ጎጃም ቡሬ መልካም አገር ነው፤ አልጠላውም። ሚስቴ ግን የምትጠብቀን ጋምቤላ ነበር።

ስሞቻችን ለሳጥን የተሰጡ አይደሉም። አንድ የኢትዮጵያ ሹፌር «ቡሬ» ሲሉት «የትኛው? የጎጃሙ ወይስ የኢሉባቦሩ?» ብሎ ይጠይቃል። «ቦንጋ» ሲሉት «የከፋው ወይስ የጋምቤላው?» ይላል፤ የከፋው ቦንጋ የታወቀው የቡና አገር ከተማ ነው፣ የእኛው ከቡሬ ወርደው ጋምቤላ ሳይገቡ የሚያገኙት ነው። ሴትዮዋ ግን አትጠይቅም፤ ትመርጣለች። ጎሬን ስንጽፍላት ደግሞ ከነ ጎሬ ኒውዚላንድ ዘረዘረችልን። አዎ፣ ኒውዚላንድም ጎሬ የምትባል ከተማ አላት። ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ነዳጃችንን እያሰብኩ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያህል፣ ጥፋቱ የሳተላይቶቹ አይደለም። እነሱ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውን ይናገራሉ፤ ሳጥኑ ቢያንስ የአራቱን ድምፅ ከሰማ ያለህበትን ቦታ በሜትር ይነግርሃል። አሜሪካኖች ለሲቪሉ ሕዝብ ሆን ብለው ያዛቡት የነበረውን ምልክት እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ለቀውታል። ሳተላይቱ የት እንዳለህ ያውቃል፤ እዚያ ምን እንዳለ ግን አያውቅም። እሱን የሚያወራው ካርታው ነው፤ ካርታው ደግሞ ሰው የሣለው ነው። ስምሪት ሳለሁ አንድ ቀያሽ እንደነገረኝ፣ የአገራችን የድሮ ካርታዎች የተነሡበት ነጥብ አዲንዳን ይባላል፤ ያለውም አባይ ዳር፣ የሱዳንና የግብጽ ድንበር አካባቢ ነው። ጂፒኤሱን በአዲሱ መነሻ፣ ካርታውን በአዲንዳን ከያዝክ ከመቶ ሜትር በላይ ትስታለህ። ደጋ ላይ መቶ ሜትር ማለት የጎረቤት እርሻ ነው። ጋምቤላ ላይ ግን በድልድዩ ማለፍና ባሮ ውስጥ መግባት ነው።

የሰዓቱን ነገር ልለፈው ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ጎሬ ምሳ በልተን ስንነሳ ሳጥኑ 4:40 ትደርሳላችሁ ብሎ ጻፈ። ልጁ ለእህቱ ደወለ፤ «እትዬ፣ አራት ሰዓት ከአርባ እንገባለን!» ያቺ የዋህ ሴት ከምሽቱ አራት ከአርባ መሰላት። የፈረንጁ 4:40 የእኛ አሥር ሰዓት ከአርባ መሆኑን ልጁ ረስቶታል፤ ሳጥኑ ከመጀመሪያውም አያውቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በራችንን ስናንኳኳ ዶሮው ገና በእግሩ ይሄድ ነበር።

ደግሞ ሰዓት አያዛንፉም የሚባሉት እነሱ ናቸው! የድሮዎቹ ጂፒኤሶች ሳምንት የሚቆጥሩት እስከ 1,024 ድረስ ብቻ ነው፤ ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። መጋቢት 28 ቀን 2011 ሲሞላ፣ ያልታደሱት አሮጌዎቹ ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ተመለሱ። እኛ ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ብንዘገይ ኋላ ቀር ተባልን። ሳጥኑ ሃያ ዓመት ሲዘገይ «ሶፍትዌሩ ይታደስለት» ተባለ።

እርግጥ እኛም አቅጣጫ ስንጠቁም ንጹሕ አይደለንም። «ወደ ቀኝ» እያልን በግራ እጃችን እናሳያለን። «ቅርብ ነች፣ ሄድ ብለህ» ያልነው ቦታ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ምልክት የምናደርገው ደግሞ የሌለ ነገር ነው፤ «ድሮ ኬላ የነበረበት»፣ «ትልቁ ማንጎ የተቆረጠበት»። እኔ ራሴ ጋምቤላ በመጣሁ ሰሞን አንድ ሙሉ ሳምንት ያልነበረ ማንጎ ስፈልግ ከርሜያለሁ። ግን ጠያቂ ከመኪናው ይወርዳል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ ተጠያቂው ከየት እንደመጣህ ይጠይቅሃል፤ ከመለያየታችሁ በፊት የፊት ጎማህ እንደቀነሰ ይነግርሃል። ሴትዮዋ አንድም ቀን ስለ ጎማችን አልተናገረችም።

ከጎሬ፣ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ካለ ብርድ ተነስተህ፣ ቡሬን አልፈህ ወደ አምስት መቶ ሜትር ስትወርድ ሙቀቱ ምድጃ እንደተከፈተ ነው የሚመጣው። ሹራቡ ይወልቃል፤ መስኮት ይከፈታል። እዚያው ቁልቁለቱ ላይ የሳጥኑ ጎማ መላላት ጀመረ። መጀመሪያ አንገቷን ደፋች፤ ቀስ ብላ ተንሸራተተች፤ ከዚያ ዷ! አለችና እግሬ ሥር ወደቀች። ወለሉ ላይ ሆና በተቻላችሁ ፍጥነት ተመለሱ ትላለች። ልጁ በምራቁ አርጥቦ መለሳት፤ ወደቀች። መለሳት፤ ወደቀች። ጋምቤላ የገባነው ሴትዮዋን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው። ምንም አላልኩም። ትንሽ ደስ ብሎኝ እንደሆነ አልክድም።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ተናደድኩ።

ጎረቤቴ አኙዋ ነው፤ ፒኝዶ ተወልዶ ያደገ። ዘመዶቹን ሊጠይቅ ፈለገና ልጁ በመኪናው ላድርስህ አለው። ከከተማችን ወደ ደቡብ፣ በአቦቦ በኩል፣ መቶ ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ነው። ልጁ ሳጥኑን አውጥቶ የአገሩን ስም ጠየቀው። ጎረቤቴ ተናገረ። ልጁ ጻፈ። የለም። በፒ ጻፈው፤ የለም። በኤፍ ጻፈው፤ የለም። ፑኝዶ፣ ፉኝዶ፣ ፒኝውዶ፤ የለም፣ የለም፣ የለም። ሳጥኑ «ይህን ማለትዎ ነው?» እያለ የሌላ አገር ስም ይደረድራል። በ1980ዎቹ ማብቂያ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በእግራቸው አግኝተው የገቡበት አገር ነው! ካርታም ጫማም አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሪፖርት ተጽፎበታል፤ ግን ጸሐፊው ሁሉ ስሙን በራሱ ጆሮ እየሰማ በራሱ ፊደል ከተበው፤ በእኛ በአማርኛውም ጭምር፤ ስምሪት ሳለሁ እኔም በጻፍኩት የጉዞ ትእዛዝ ጭምር። አሁን ባለአገሩ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እናቱ የወለደችበትን ቦታ በየትኛው ስሕተት እንደሚያገኘው እንዲገምት ይጠየቃል። ከገመተው አለ፤ ካልገመተው አልተወለደም! ደግሞ ልጁ፣ አይ ይሄ ልጅ፣ ዞር ብሎ ጎረቤቴን «እርግጠኛ ነህ ስሙ እንደዚያ መሆኑን?» አለው።

«ዝጋው!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሚስቴ ከጓዳ ወጣች።

ጎረቤቴ ግን ሳቀ። «ተወው፣ አገሩ የትም አይሄድም» አለና ከኋላ ወንበር ወርዶ ጋቢና ገባ። በእሱ ጣት ሄዱ፤ በእሱ ጣት ተመለሱ።

ለነገሩ እዚህ አገር ጥያቄው «የት» ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ «መቼ»ም ነው። ከኢታንግ ወዲያ ወደ ጅካዎ የሚወስደውን መንገድ በጥር ብትጠይቀኝ አለ እልሃለሁ፤ በነሐሴ ብትጠይቀኝ ውሃ ነው። ካርታው ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀጭን መስመር ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ለእንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ፈቀዱ፤ ከካርቱም የሚመጣው መርከብ የሚገባው ባሮ በክረምት ሲሞላ ነበር፤ ውሃው ሲጎድል መንገዱም አብሮ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዞቹ ለቀው ሄዱ። ውሎ አድሮ መርከቡም ቀረ፤ ባሮ ግን ያው ነው። ልጁ በላከልኝ አንደኛው ፎቶ ላይ «የዕድሜ ልክ ካርታ» የሚል አለበት። የማን ዕድሜ እንደሆነ ብጠይቀው የሳጥኑ ነው አለኝ።

ሊሄድ ሲል ባሮ ዳር ቁጭ ብለን ነበር፤ ዓሣ እየጠበቅን። «ጋሼ፣ ተቀይመኸኛል አይደል?» አለኝ። የለም አልኩ፤ ውሸቴን ነው። ከዚያ ስለ መጀመሪያዎቹ ክረምቶቹ አወራኝ። ሌሊት ሌሊት ዕቃ ያደርስ ነበር፤ በረዶ፤ መንገድ ላይ አንድ ሰው የለም፤ ቢኖርም መስኮት አውርደህ ብትጠይቀው ይደነግጣል። «ሌሊቱን ሙሉ የሚያናግረኝ እሷ ብቻ ነበረች» አለ። ምን ይባላል? ዓሣው መጣ። ትልቁን ለሱ ሰጠሁት።

አሁን ያንን ፎቶ እያየሁ ነው። ባለ ሰባቱ ለዓይን ጥሩ ይመስላል፤ ግን ከባድ ነው፣ ቶሎ ይወድቃል። ባለ አምስቱ ምናልባት ይጣበቅ ይሆናል። መልሱን ልልክለት ነበር፤ ግን ሰማዩ ከጎሬ በኩል ከሰዓት በኋላ ሲያጉረመርም ነው የዋለው፤ ባሮም ቀለሙ ተለውጧል። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ኢታንግ የሄደው አይሱዙ መመለሱን ይጠይቀኛል። አላየሁትም፤ ወጣ ብዬ ልጠይቅ።