ሽምደዳን ለማስቀረት የወጣ የልብና የደም ትራንስፖርት አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 72/ደቂቃ

የባዮሎጂ ተፈታኝ በፈተና ዋዜማ «ቀኝ ነው ግራ?» እያለ ደረቱን ሲዳብስ የሚያድር በመሆኑ፤

ልብ ግን ሳይሸመድድ፣ አጤሬራ ሳይዝ፣ የጎረቤት ወረቀት ሳያይ በደቂቃ 72 ጊዜ ገደማ ሥራውን በትክክል የሚሠራ በመሆኑ፤

የደምን መንገድ የተከተለ ሰው የሚሸመድደው ጥቂት ብቻ እንደሆነ መደንገግ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የደም ትራንስፖርት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በፈተና አዳራሽ ውስጥ ጮክ ብሎ መጥቀስ ግን ከአዳራሹ ያስወጣል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ደም ቅዳ» ማለት ደምን ከልብ ይዞ የሚወጣ፣ «ደም መልስ» ማለት ደምን ወደ ልብ ይዞ የሚገባ የደም ሥር ነው። ስያሜው አቅጣጫን እንጂ ጭነትን አይመለከትም። ስለሆነም የሳንባ ደም ቅዳ ኦክስጅን ያነሰውን፣ የሳንባ ደም መልስ ኦክስጅን የሞላውን ደም ቢሸከሙ ሕግ አልጣሱም። ፈታኞች ይህችን ነገር አጥብቀው ስለሚወዷት ተፈታኙ ይጠንቀቅ።

ለ) «ቀኝ» ማለት የልቡ ባለቤት ቀኝ ነው። በመጽሐፍ ላይ የተሳለ ልብ ፊቱን ወደ ተፈታኙ አዙሮ ስለሚቆም ቀኙ የሚገኘው በተፈታኙ ግራ በኩል ነው።

ሐ) በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል፤ የሁለቱም ልብ ባለ አራት ክፍል ነው።

አንቀጽ 3፦ የጉዞ መስመር

1. ከሰውነት የተመለሰ ደም ወደ ቀኝ ኤትሪየም (የላይኛው ክፍል) ይገባል፤ ወደ ቀኝ ቬንትሪክል (የታችኛው ክፍል) ይወርዳል፤ በሳንባ ደም ቅዳ ሳንባ ይደርሳል። እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አራግፎ፣ ኦክስጅን ጭኖ፣ በሳንባ ደም መልስ ወደ ግራ ኤትሪየም ይመለሳል። ከዚያ ወደ ግራ ቬንትሪክል ወርዶ በኦርታ በኩል ለመላ ሰውነት ይከፋፈላል።

2. አቋራጭ የለም። የቱንም ያህል ዘመድ ያለው ደም ሳንባን ሳይረግጥ ከቀኝ ልብ ወደ ግራ ልብ አይሻገርም።

3. የግራ ቬንትሪክል ግድግዳ ከቀኙ የወፈረው በአድልዎ አይደለም። ቀኙ የሚልከው አጠገቡ ላለው ሳንባ ሲሆን፣ ግራው ከራስ ቅል እስከ እግር ጥፍር ማድረስ አለበት።

አንቀጽ 4፦ ስለ በሮች

1. በቀኝ ኤትሪየምና ቬንትሪክል መካከል ያለው ቫልቭ ሦስት፣ በግራ ያለው ሁለት ክንፍ አለው። ይህ ብቻ መሸምደድ ስላለበት የሚከተለው ግጥም በይፋ ተፈቅዷል፦

በቀኝ ሦስት፣ በግራ ሁለት፤
ደም አይመለስም ከወጣ ከቤት።

2. በጆሮ የሚሰማው «ሉብ ደብ» የበሮች መዘጋት ነው። «ሉብ» ሲል ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ፣ «ደብ» ሲል በኦርታና በሳንባ ደም ቅዳ አፍ ላይ ያሉት ይዘጋሉ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ሥራ ሰዓትና ደመወዝ

1. ልብ «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለሱ» ማለት አይችልም። የምቱ ትእዛዝ የሚመነጨው ከቀኝ ኤትሪየም ግድግዳ ነው። አንጎል ምቱን ማፍጠንና ማዘግየት ይችላል፤ ለማስጀመር ግን ፊርማው አያስፈልግም።

2. በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወጣል። በ72 ሲባዛ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ይሆናል፤ በአዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ያለው ደም በሙሉ ማለት ይቻላል።

3. ልብ በእጁ ከሚያልፈው ከዚህ ሁሉ ደም ለጡንቻው በቀጥታ መቆንጠር አይፈቀድለትም። ድርሻውን የሚቀበለው ከኦርታ ሥር በሚገነጠሉት የልብ ደም ቅዳዎች ብቻ ነው። ሌሎች መሥሪያ ቤቶችም ይህን አሠራር እንዲቀስሙ ይበረታታሉ።

አንቀጽ 6፦ ስለ ጭነት

1. ቀይ የደም ሴል ለሄሞግሎቢን ቦታ ለመልቀቅ ሲል ኒውክሊየሱን አውጥቶ ጥሎ 120 ቀን ያህል ያገለግላል። በደም ውስጥ ካለው ኦክስጅን 98 በመቶ ገደማ የሚሄደው በሄሞግሎቢን ተጭኖ ነው።

2. አንድ ሄሞግሎቢን አራት መቀመጫ ያለው ታክሲ ነው፤ ትርፍ መጫን አይቻልም። የመጀመሪያው ኦክስጅን ሲሳፈር ለተከታዮቹ መሳፈር ይቀላል። ጡንቻ በሥራ ሲሞቅና አሲዱ ሲጨምር ሄሞግሎቢን ተሳፋሪውን ፈጥኖ ያወርዳል።

3. ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚህ ታክሲ የሚመለሰው በጥቂቱ ነው፤ 70 በመቶ ያህሉ ወደ ባይካርቦኔት ተለውጦ በፕላዝማ ይጓዛል።

4. በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሚነድ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ተሳፍሮ መውረድ አይወድም። ይህ ንዑስ አንቀጽ ለፈተና ባይመጣም ለሕይወት ይመጣልና ይነበብ።

አንቀጽ 7፦ የተሻሩ ሕጎች

1. ደም በሁለቱ ቬንትሪክሎች መካከል ባሉ የማይታዩ ቀዳዳዎች ይሻገራል የሚለው የጥንቱ ሐኪም የጋለን ድንጋጌ ከሺህ ዓመት በላይ ቢሠራበትም ተሽሯል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን አል ነፊስ ደም በሳንባ በኩል እንደሚዞር ጽፎ ተቃውሞታል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1628 ዊልያም ሃርቪ ሙሉውን ዙር አስረድቷል።

2. «ሰማያዊ ደም» ተሽሯል። ሰማያዊው የሠዓሊ ቀለም ነው፤ ኦክስጅን ያነሰው ደም ጠቆር ያለ ቀይ ነው።

አንቀጽ 8፦ የተፈታኝ ግዴታ

ማንኛውም ተፈታኝ መጽሐፉን ዘግቶ ባዶ ወረቀት ላይ አራት ክፍል ይስላል። አንድ ቀይ የደም ሴል ከእግር ጣት አስነስቶ ወደዚያው ጣት እስኪመልስ ድረስ በየደረሰበት «የትኛውን በር አለፍክ? ምን ጭነሃል?» ብሎ ይጠይቃል። መንገድ ላይ ያሳተው እንደሆነ ቅጣቱ ከጣቱ እንደገና መነሳት ነው።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

1. ይህ አዋጅ በእያንዳንዱ ተፈታኝ ገላ ውስጥ ከጽንሱ አራተኛ ሳምንት ገደማ ጀምሮ የጸና ነው።

2. አንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 2 ግን የሚጸናው ከመጀመሪያው ትንፋሽ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ጽንሱ በሳንባው ስለማይተነፍስ፣ አብዛኛው ደም በሁለቱ ኤትሪየሞች መካከል ባለው ቀዳዳና በሌላ መተላለፊያ ሳንባን ዘሎ እንዲያልፍ ተፈቅዶለት ነበር።

3. ተፈታኙ ከመወለዱ በፊት የጸናን ሕግ እስከ 12ኛ ክፍል አላነበብኩም ቢል፣ ሕግን አለማወቅ ከተጠያቂነት አያድነውም።