ጎማ ልይ ባይ አባወራ፦ ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር

በኢትዮጵያ ከ800 በላይ የወፍ ዝርያዎች እንዳሉ ይታወቃል። እነሱን ፍለጋ፣ «ጥምቀትን ጎንደር አክብረን፣ ጭላዳ አይተን እንመለሳለን» ብሎ ቤተሰቡን ከአዲስ አበባ የሚያስነሳው አባወራ ግን በወጉ አልተጠናም።

አባወራው መኪና የሚያስቆምባቸው ሰበቦች ሦስት ናቸው፦ ሽንት፣ ፎቶና ጎማ። ሽንት ሲደጋገም ወደ ሐኪም ያስወስዳል። ፎቶ ቤተሰቡን ሁሉ አውርዶ ወፉን ያስበረግጋል። ሁለቱን ትተናቸዋል።

ጎማ ሰፊ ነው። ደባርቅ ላይ የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ተከፍሎ፣ ስካውቱ ከነጠመንጃው ከተሳፈረ በኋላ ኮረኮንቹ ራሱ ለሰበቡ ምስክር ይቆማል። የሚያሳስበው ጎማ ምንጊዜም ወፉ ባለበት በኩል ያለው ነው። በገደሉ በኩል ያለው የኋላ ጎማ የጺማሙ አሞራ ነው። ይህ አሞራ አጥንት ይዞ ሽቅብ ወጥቶ፣ ዓለት ላይ ጥሎ ነው የሚሰብረው፤ አንዳንዴም ደጋግሞ ይጥላል፤ ጎማውም ደጋግሞ ይታያል። በሜዳው በኩል ያለው የፊት ጎማ የጋጋኖ ነው። ይህን ለጀማሪ አንመክርም፤ ጋጋኖ ጯሂ ነው፣ ሚስትም «ይሄማ ሰፈራችንም አለ» ትላለች። አምስተኛው ጎማ፣ ስኮርታ፣ በኋላ መስኮት ለታየ ወፍ የተጠበቀ ነው።

ጎማ አንገት ወደ ሰማይ ቀንቶ፣ በሩቅ ማያ መነጽር እንደሚመረመር የተረጋገጠው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። አያት ከውስጥ «ተነፈሰ እንዴ ልጄ?» ይላሉ። ልጆቹ ተኝተዋል። ስካውቱ ግን ብዙ አባወራ አይቷል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ በዚያኛውም ጎማ በኩል አንድ አለ» ይላል።

ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው ሳንቃ በር ምሳ ሲዘረጋ ምደባው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ ሳይጠሩት ይመጣል። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም አይገኝም፤ ፈረንጅ እሱን ለማየት ባሕር አቋርጦ ይመጣል። ልጆቹ «እሽ!» ይሉታል። እሱ ግን ድፎውን ያነሳል።

«ና እንጂ፣ ወፍህ ዳቦውን ይዞት ሄደ!» ትላለች ሚስት።

ቁራውን አያት አይተውታል፣ ልጆቹ አይተውታል፣ ሾፌሩም አይቶታል። አባወራው መኪናው ሥር ነበር።

ወደዚያ የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ ድፎውን ሸፍኑ።