አባ አሟሙቅ፦ በአሰልጣኝ ወኔና ጥንቃቄ ላይ የተደረገ የሜዳ ዳር ጥናት

በጅማ ስታዲየም ጨዋታ ባለበት ቀን አሰልጣኝ ያልሆነ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቡድኑን የሚያሰለጥነው ሰውዬ ነው። የቀረነው ሁላችን፣ ከሒርማታ ገበያ ሚዛን ያዥ እስከ ዩኒቨርሲቲው መምህር፣ በ70ኛው ደቂቃ ማን ወጥቶ ማን መግባት እንዳለበት ጠንቅቀን እናውቃለን። ከበርጫ ተነሥቶ በምርቃና የመጣ ተመልካችማ የሚቀጥለውን ዓመት ቅያሪም ያውቃል። ዕውቀቱ ይህን ያህል ተትረፍርፎ ሳለ መልክ አስይዞ ያስቀመጠው ግን የለም። ሁሉም ይጮኻል እንጂ አይመድብም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥናቱ ዘዴ ቀላል ነው። ተመራማሪው ለብዙ ዓመታት በጅማ፣ በአጋሮ፣ በየቡና በሰርቦ ሜዳዎች ዳር ሁለት ኪስ ኦቾሎኒ ይዞ ቆሟል፤ የተመለከተውም ኳሷን ሳይሆን አሰልጣኙን ነው። በዚህ ምክንያት ጎል እንዴት እንደገባ ሲጠየቅ መልስ የለውም። አሰልጣኙ ጎሉ ሲገባ በየትኛው እጁ ጭንቅላቱን እንደያዘ ግን ያውቃል።

በቅድሚያ ስያሜ ያስፈልጋል። ለዚህ ሩቅ መሄድ የለብንም። የጦር መሪ በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው በተባሉበት አገር፣ የጅማው ንጉሥ የፈረስ ስም አባ ጅፋር ከጅሬኑ ቤተ መንግሥት አልፎ የእግር ኳስ ክለብ በሚጠራበት ከተማ፣ አሰልጣኝን ያለ ፈረስ ስም መተው ነውር ነው። ፈረስ የለውም የሚል ቢኖር የተቀያሪ ወንበሩን ይመልከት፤ ሰውዬው በ90 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚወጣበትና እንደሚወርድበት ይቁጠር።

በዚህ መሠረት ሁለት ዋና ነገዶች አሉ፤ አባ ግፋ እና አባ ቆይ።

አባ ግፋ ሲመራም ሲመራበትም አጥቂ ያስገባል። በ60ኛው ደቂቃ ሦስት አጥቂ፣ በ75ኛው አራት፤ ባከነ ሰዓት ላይ በረኛው ራሱ የተጋጣሚ ሳጥን ውስጥ ይገኛል። 4 ለ 3 ይሸነፋል፤ ሳምንቱን ሙሉ ቡና ይጋበዛል። ስለሱ ብዙ የሚጻፍ የለም፤ የሚያደርገው ሁሉ በግልጽ የሚታይ ነው።

አባ ቆይ ግን ጥልቅ ነው። 1 ለ 0 ሲመራ አጥቂ አስወጥቶ ተከላካይ ያስገባል። 2 ለ 0 ሲመራ ሁለተኛ ተከላካይ ያስገባል። 3 ለ 0 ሲመራ ደግሞ የበለጠ ይፈራል፤ ከዚህ በፊት ይህን ያህል የሚጠፋ ንብረት ኖሮት አያውቅማ። እሱን ለመረዳት የአካባቢውን ቡና ገበሬ ማየት ይጠቅማል። ቡናው በመኸር ሲቀላ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እሸቱን በለቀሙበት ቀን ለመፈልፈያ ሸጦ ማታውኑ ብሩን መቁጠር ነው። ሌላው አድርቆ፣ ጀንፈል አድርጎ ጎተራ ማስገባትና ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። አባ ቆይ አጥቂውን ጀንፈል ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ጥናቱን የመጀመሪያው ችግር ገጠመው። ከሁለቱ ገበሬዎች ደፋሩ የትኛው ነው? ተመራማሪው ጥያቄውን ይዞ አጋሮ አንድ ቡና ነጋዴ ዘንድ ሄደ። ነጋዴው ከት ብሎ ሳቀ። «ጀንፈል አስቀማጩ ነዋ ቁማርተኛው! እሸት የሸጠው ማታ ተኝቷል፤ ያኛው እስከ ሚያዝያ እንቅልፍ የለውም» አለው። ሳይንሳዊ መረበሽ ማለት ይህ ነው። ሰባት ሰው በረኛው ፊት ደርድሮ ጎሌን ጠበቅሁ የሚለው ሰውዬ፣ ለካ ያለውን ሁሉ በአንድ የተሻማች ኳስ ላይ አስይዞ ቁማር ተቀምጧል።

ጥንቃቄ ለጅማ እንግዳ አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ግብር መክፈልን መርጠው፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በዘለቀው ዘመናቸው የጅማን የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው አቆይተዋል። ጎረቤታቸው የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ መዋጋትን መርጠው እ.ኤ.አ. በ1897 መንግሥታቸውን አጡ። በዛሬው የኳስ ቋንቋ የአባ ጅፋር ሥራ ከሜዳ ውጪ ነጥብ ተጋርቶ መመለስ ይባላል።

ስማቸውን የወረሰው ክለብ ግን ታሪክ የሠራው በሌላ መንገድ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በአሰልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ ዋንጫውን ወሰደ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ 23 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ነጥባቸው እኩል ነበር፤ የለያቸው የግብ ክፍያ ነው። «2 ለ 0 እየመራን ሦስተኛው ምን ያደርግልናል?» ለሚል አባ ቆይ ሁሉ መልሱ የዚያ ዓመት የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ቀጥሎ በታኅሣሥ 2011 በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አል አህሊን ገጠመ፤ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በአንድ ጎል ልዩነት ቀረ። በማግሥቱ ጅማ ውስጥ ያቺን የጎደለች ጎል ማን ማግባት እንደነበረበት የማያውቅ ጫማ ጠራጊ አልነበረም። በ2014 ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ጥናቱ ስለዚህ ጉዳይ መናገር አይፈልግም።

አባ ቆይም ማስረጃ አያጣም። ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁት ሩስተንበርግን ያነሣባችኋል። ጥር 2005፣ በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ፣ የሰውነት ቢሻው ቡድን ከናይጄሪያ ጋር ሲጫወት ሦስቱን ቅያሪ ጨርሶ ሳለ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጣ። ጓንቱን ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ህንጻ ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራውም የቪክተር ሞሰስን ፍፁም ቅጣት ምት መጠበቅ ሆነ። ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅያሪውን እስከ 90ኛው ደቂቃ አፍኖ የሚይዝ አሰልጣኝ ሁሉ ሲነቅፉት «በረኛዬ ቢወጣስ?» ይላል።

ስለ ቅያሪ ቁጥርም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ሦስት ቅያሪ በነበረ ጊዜ ነገሩ ለኛ ግልጽ ነበር፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦል ጉልበት ያለው ነው፣ ጨዋታ ይለውጣል። ቶና ወግ ለማድመቅ ነው። በረካ በ88ኛው ደቂቃ ሰዓት ለመግደል የሚገባው ነው፤ ቀጠን ያለ ቢሆንም ሳይጠጡት አይነሡም። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ቅያሪው አምስት ሲሆን ግን ሥርዓቱ ፈረሰ። ለአራተኛና ለአምስተኛ ስኒ ስም የለንም። አራተኛ የሚያፈላ ቤት ወይ ለቅሶ አለበት ወይ እንግዳው ሊለቅ አልቻለም። እነዚያ ሁለት ልጆች እስከ ዛሬ ያለ ስም እየገቡ እየወጡ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ።

በአባ ግፋና በአባ ቆይ መካከል ሦስተኛ ነገድ መኖሩን ሊቃውንት አላስተዋሉም። ይህ አባ አሟሙቅ ነው። አባ አሟሙቅ አጥቂ አያስገባም፤ አጥቂ እንዲያሟሙቅ ይልካል። ነገሩ ተራ ቢመስልም ከብልሃት ሁሉ የላቀ ነው። ሕዝቡ «አስገባው!» እያለ ሲጮኽ አሰልጣኙ ወደ ወንበሩ ዞሮ በጣቱ ይጠቁማል፤ ልጁ ሰደርያውን ደርቦ ይነሣል፤ ሜዳው በጭብጨባ ይናወጣል። ከዚያ ምንም አይሆንም። ሕዝቡ ድፍረት አየ፤ አሰልጣኙ ጥንቃቄውን አላስነካም፤ ቅያሪውም አልተነካም። ወጪው የአንድ ልጅ ላብ ብቻ ነው።

ማሟሟቅ በራሱ ብዙ ዘር አለው። ሕዝብ ዝም ለማሰኘት የሚደረግ አለ፤ ይህ ጩኸቱ በበረታበት ጥላ ፎቅ ፊት ለፊት ይከናወናል። ተጋጣሚን ለማስፈራራት የሚደረግ አለ፤ ለዚህ ረጅም ልጅ ይመረጣል፣ ኳስ መቻሉ ግዴታ አይደለም። ሜዳ ውስጥ ያለውን ሰነፍ ለማስበርገግ ተመሳሳዩን ቦታ የሚጫወት ልጅ በመስመሩ ዳር እንዲሮጥ ማድረግም አለ፤ ሰነፉ ለአምስት ደቂቃ ሲራወጥ ልጁ «ተመለስ» ይባላል። የቅጣት ማሟሟቅ ደግሞ ልምምድ ላይ ላረፈደ ነው፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። ተመራማሪው አንድ ጊዜ የቡ ላይ አራት ተቀያሪዎች በአንድ ላይ ሲያሟሙቁ አይቶ ትልቅ የማጥቃት ውሳኔ መጣ ብሎ ማስታወሻውን አወጣ። ብርድ ነው ያስነሣቸው። ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ የተቀያሪ ወንበሩ ጣራ ያፈስሳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዚህ ጥናት «ባለ 41 ቁጥሩ» የተባለው ነው፤ እሱን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል።

ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ መንገድ ላይ ስሟን ከማልጠራት አንዲት ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ የሰፈር ቡድኖች ይጫወታሉ። ሜዳው ወደ ቡና ማሳው ያዘነብላል፤ ወደ ታች የምታጠቃ ከሆነ ግማሹን ሥራ ምድር ትሠራልሃለች። የአንደኛው ቡድን አሰልጣኝ የትምህርት ቤቱ መምህር ነው። ቡድኑ አሥራ አራት ልጅና አሥራ አንድ ጥንድ ታኬታ አለው። በመሆኑም የመምህሩ የቅያሪ ውሳኔ በታክቲክ አይወሰንም፤ በእግር ቁጥር ይወሰናል። ባለ 41 የሚወጣው ባለ 41 ሲገባ ነው። ባለ 39 ቢዝል እስኪያልቅ መዛሉን ይቀጥላል፤ በመንደሩ ሌላ ባለ 39 የለም።

በዚያ ቅዳሜ ቡድኑ 1 ለ 0 ይመራበታል። በ40ኛው ደቂቃ መምህሩ ወደ ባለ 41ኛው ተቀያሪ ጠቆመ። ልጁ ኮንጎ ጫማውን እንዳጠለቀ ከጎሉ ኋላ መሮጥ ጀመረ። ዕረፍት ሆነ፤ ልጁ ይሮጣል። ዕረፍት አለቀ፤ ይሮጣል። ባለፈ ቁጥር አሰልጣኙን ቀና ብሎ ያያል፤ «ቲቸር፣ ልግባ?» ይላል። መምህሩ እጁን ያነሣል፤ ቆይ። በ65ኛው ደቂቃ ልጁ ከመላው አማካይ ክፍል የበለጠ መሬት ሸፍኖ ነበር። አጠገቤ የቆሙ ጋቢ የለበሱ አባት ትዕግሥታቸው አለቀና ጮኹ፤ «አንተ መምህር! ገነፈለ እኮ፣ አውርደው!»

በ81ኛው ደቂቃ መምህሩ ወሰነ። የመስመር አጥቂው ወጥቶ ሣሩ ላይ ተቀመጠና ታኬታውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ዝናብ መትቶት የነበረው ማሰሪያ አልፈታ አለ። ተቀያሪው በጥርሱ ሞከረ። አንድ ሻይ ሻጭ ቢላ አቀረበ፤ ማሰሪያው የቡድኑ ንብረት ነው ተብሎ ተከለከለ። ሁለት ሰው እግሩን፣ ሁለት ሰው ወገቡን ይዘው በሁለት አቅጣጫ ጎተቱ። ዳኛው ጨዋታውን አላቆመም፤ ቡድኑ አሥር ሆኖ ቀጠለ። ቀኙ ታኬታ ብቅ ባለበት ቅጽበት ከሜዳው ወዲያ ጩኸት ተነሣ። አሥሩ ልጆች አቻ አድርገዋል። መምህሩ አላየም፤ እኔም አላየሁም፤ ሁለታችንም ዓይናችን ግራው ታኬታ ላይ ነበር።

ባለ 41ኛው በ86ኛው ደቂቃ ገባ። አንድ ጊዜ ሮጠ፤ ኳሷን ሳይነካት እግሩ ተሳስሮ ወደቀ። ልጁ እኮ ከአርባ ደቂቃ በላይ ሲሮጥ ነበር! መምህሩ ወደ ወንበሩ ዞረና ሌላ ልጅ እንዲያሟሙቅ ጠቆመ። ያ ልጅ ባለ 43 ነው፤ መግባት እንደማይችል ራሱም ያውቃል። ተነሥቶ ሮጠ።

ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። መምህሩን «ውሳኔህ ማጥቃት ነበር ወይስ መከላከል?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ይህ ለጥናቱ ወሳኝ ነበር። ታኬታዎቹን ማዳበሪያ ውስጥ እየቆጠረ ያስገባል። አሥራ አንድ፣ ሙሉ ናቸው። ገና መጀመሪያ ሲያሟሙቅ ለምን አላስገባኸውም ብዬ ጨመርኩ። ቀና ብሎ አየኝና «ያኔማ ማሰሪያው ደረቅ ነበር፤ አጥብቄ ያሰርኩት እኔው ነኝ» አለ። ይህን በየትኛው ነገድ እንደምመድበው አላውቅም።

ከዚህ በኋላ አባ ውኃ አቀብል፣ አባ ሰዓት አሳይ እና በረኛውን ተኛ የሚለው አባ ተኛ በየተራ ሊቀርቡ ታስቦ ነበር። ተትተዋል። የመልሱ ጨዋታ በሚቀጥለው ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ በዚያው ሜዳ ነው፤ ልጁም ከወንበሩ ይነሣል። ቤቱ ውስጥ የማያደርገው 41 ቁጥር ታኬታ ያለው አንባቢ ካለ ይዞ ይምጣ። ማሰሪያው ባይኖረውም እንፈልግለታለን።