ባለ ሶላሩ ጄኔሬተሩን የት ይደብቃል?

በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ የመብራት ኃይል ምሰሶ ካልዘለቀባቸው ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ቤት የሠራ ጡረተኛ ይታሰብ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ጣሪያው ላይ የተደረደረው ሶላር፣ ቀጥሎ ኢንቨርተሩ ነው፤ ቡናው የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። «የመብራት ቢል የሚባል ነገር ከረሳሁ ቆየሁ» ይላል ደረቱን ነፍቶ። እንግዳው ግን ዓይኑ ወደ ጓሮ ይሄዳል። በማዳበሪያ ከረጢት የተጀቦነ ነገር አለ።

«ጋሼ፣ ያ ምንድን ነው?»

«እሱማ የውሃ ፓምፕ ነው።»

ፓምፕ አይደለም፤ ጄኔሬተር ነው።

የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን «የ13 ወር ፀጋ»፣ በእንግሊዝኛው «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ የሚሞላ ባትሪ አልነበረባቸውም። ሐምሌ ገብቶ ደመናው ደጋውን ሲደፍነው፣ አንድ የሶላር ሰሌዳ ከተጻፈበት አቅም ከ10 እስከ 25 በመቶውን ከሰጠ ደግ ነው። ለእነዚያ ጨለማ ሳምንታት ብሎ ባትሪ በባትሪ ላይ የሚደረድር አለ። ይሄ ለአንድ ሠርግ ተብሎ አዳራሽ እንደ መገንባት ነው፤ ባትሪው በቀሪው ዓመት ሥራ ፈትቶ ያረጃል። ስለዚህ በጄኔሬተሩ የሚታፈርበት ምክንያት የለም። የሚያሳፍረው አጠቃቀሙ ነው።

ሰውየው የሚያስነሳው መቼ መሰላችሁ? ማታ 2 ሰዓት፣ ዜናው ሲጀመር፣ ኢንቨርተሩ ጮሆ ጮሆ ድርግም ሲል። ጋቢውን ተከናንቦ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ ገመዱን ይስባል። ይስባል። አሁንም ይስባል። ካለፈው ክረምት ታንከሩ ውስጥ የከረመው ቤንዚን ተበላሽቶ ካርቡሬተሩን ሙጫ አልብሶታል። በወር አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ቢያስነሳው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ግን የተደበቀ ነገር ማን ያስታውሰዋል?

እንደምንም ሲነሳ ደግሞ ለአንድ ቴሌቪዥንና ለሁለት አምፑል ሲያጓራ ያመሻል። የተለመደው የቤንዚን ጄኔሬተር 50 ኸርዝ ለማውጣት በደቂቃ 3000 ጊዜ መዞር ግዴታው ስለሆነ፣ ጭነቱ ቀለል አለ ብሎ ዝግ አይልም። ቤንዚኑ ይነዳል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ዜናው አይሰማም።

ትክክለኛው ሰዓት ንጋት ነው። የአሲድ ባትሪ ሲጎድል ቻርጁን በፍጥነት ይቀበላል፤ 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን ይጠግብና የቀረችውን 20 እየቀማመሰ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት አስነስቶ፣ ቻርጀሩን በሙሉ ጉልበቱ አሠርቶ፣ 80 አካባቢ ማጥፋት ነው። የቀረውን ደመና ውስጥ ያለችውም ፀሐይ ትጨርሰዋለች፤ ለቀማሽ ባትሪ ቀስ ያለች ፀሐይ አታንሰውም። ይህን ባትሪ ከግማሽ በታች እያወረዱ ማሳደር ዕድሜውን ያሳጥራል። ሊቲየም ባትሪ የገዛ ሰው በዚህ በኩል ኑሮው ቀሎለታል።

ባለቤቱ በበኩሏ ሌላ ጥያቄ አላት። «ይሄን ያህል ከጮኸ እንጀራ አይጋግርም?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ያሳዝናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል። ጄኔሬተሩ ላይ የተጻፈው 3 ነው፤ እሱም በባሕር ጠለል ላይ። ከ2,800 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ምጽዋ ላይ 3 የነበረው እዚህ ከ2 ብዙም አይርቅም። እንጀራው ወደ ማገዶው ይመለሳል፤ ሻጩም ይህን ሳይናገር ቀርቷል።

ዝናቡ ሲበረታ ሰውየው ጄኔሬተሩን ዕቃ ቤት ሊያስገባው ይቃጣዋል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል፤ መስኮት መክፈትም አስተማማኝ አይደለም። በረንዳም ቤት ነው። ባለ ሶላር የሆናችሁ ሁሉ፣ ከበርና ከመስኮት ራቅ ብሎ ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ዳስ ሥሩለት፤ ጭስ ማውጫውንም ፊቱን ከቤቱ አዙሩት።